ሽማግሌ ፊት የተነገረ ነገር የት ይቀራል?

በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና የሚሠሩ ብዙ ወላጆቻችን «ጊሹር» የሚለውን ቃል ሰምተውታል። ከአለቃ ጋር የተጋጨ፣ ደመወዙ የጎደለበት፣ ከጎረቤት ጋር የተካሰሰ ሰው ጠበቃው «መጀመሪያ ጊሹር እንሞክር» ይለዋል። ሰውየውም ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ሽምግልና ሊያስቀምጡን ነው» ብሎ ይነግራታል። ትርጉሙ መጥፎ አይደለም፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አላውቅለትም። ግን ያ ሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የሚያሰላስለው ሌላ ነገር ነው፦ እዚያ ክፍል ውስጥ የምናገረው ቃል ነገ ዞሮ እኔው ላይ ይመጣብኝ ይሆን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አያቶቻችንም ይጠይቁት ነበር። መልሱን ያገኙ የነበረው ግን ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌው ፊት ነበር።

ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወልቃይትና በትግራይ መንደሮች ሲኖሩ ክርክር የሚታይባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ የአደባባይ ሙግት ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ፣ ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን ጨብጦ፣ ቃሉን እያሳመረ የሚሟገትበት። መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፤ አንዳንዴም አላፊ አግዳሚው ራሱ ተለምኖ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። እዚያ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። የሙግቱ ጉልበት አገር ሁሉ መስማቱ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ያለው ዳኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉልት ገዥው ወይም እሱ የሾመው ሰው ስለሆነ፣ መሬት የሌለው ጭሰኛ ወይም አንጥረኛ እዚያ ፊት ገበናውን ሊዘረግፍ አይቸኩልም።

ሁለተኛው ሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በከብት ሲቀያየሙ፣ የአንዱ በሬ የሌላውን አዝመራ ሲበላ ነገሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ሽማግሌዎች ጋ፣ ከበድ ሲልም ቄሶቹ ጋ ነበር። ከሰው ራቅ ብለው፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአንድ ቤት ጓሮ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ይናገራሉ። ከዚያ ሽማግሌው «እስቲ አንተ ዞር በል» ይላል።

ይህችን «ዞር በል» ልብ በሏት። አንዱ ተነስቶ ጆሮ ወደማይደርስበት ይሄዳል። የቀረው ሰው ባላጋራው ፊት የማይለውን ይላል፦ «እውነቱን ከፈለጋችሁ እኔም አጥፍቻለሁ፤ ግን እሱ ፊት አልለውም።» ሽማግሌው ይሰማል፣ ይይዘዋል። ቀጥሎ ያኛው ይጠራል፣ ይኼኛው ዞር ይላል። ሽማግሌው የአንዱን የሆድ ነገር ለሌላው አይነግርም፤ ግን ስለሚያውቀው እርቁን ወዴት መግፋት እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ የጊሹር ትምህርት የሚወስዱ ተማሪዎች «የተናጠል ስብሰባ» ብለው እንደ ትልቅ ዘዴ የሚማሩት ነገር ይኸው ነው። አያቶቻችን ዲፕሎማ አልተሰጣቸውም እንጂ ዘዴው ነበራቸው።

ታዲያ ምስጢሩን ምን ያስጠብቀው ነበር? የሽማግሌው ስም። ወሬ ያወጣ ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠራም፤ ይህ በመንደር ውስጥ ከእስራት የማይተናነስ ቅጣት ነው። እምነትም አለበት። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነገር ማመላለስን ይከለክላል፤ ቄሶቹም ኑዛዜ የሚሰሙ ሰዎች ስለነበሩ በጆሮ የገባን ነገር በሆድ ማኖር የሥራቸው አካል ነበር። የሚገርመው፣ ቤተ እስራኤል ያላወቁት ሚሽናም ሰንሄድሪን ምዕራፍ 3 ላይ ከዚያው ከኦሪት ቃል ተነስቶ ተመሳሳይ ነገር ይደነግጋል፦ ዳኛ ከችሎት ወጥቶ «እኔ ነፃ ልለው ፈልጌ ነበር፣ ጓደኞቼ ናቸው የፈረዱበት» ብሎ ማውራት አይፈቀድለትም። ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል።

ነገር ግን ያንን ዘመን ማሞካሸት ብቻ አይገባም። «ገበና መሸፈን» የሚባለው ነገር የተጎዳውንም የጎዳውንም እኩል ይሸፍናል። ተደብድባ ወደ ወላጆቿ ቤት የሸሸች ልጅ በሽማግሌ ታርቃ ስትመለስ፣ የደረሰባት ነገር እዚያው ዛፍ ሥር ይቀበራል። ባልየው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመታት ካለፈው የሚታወስ የለም። በአማራ አካባቢ በደም ማድረቅ ሥርዓትም ተመሳሳይ ችግር አለ፦ ሁለት ቤተሰቦች ከታረቁ በኋላ ፖሊስ ምስክር ሲፈልግ ትናንት ያየ ሰው ዛሬ አላየሁም ይላል። ምስጢሩ ሰላም ያመጣል፤ ፍትሕን ግን አንዳንዴ አብሮ ይቀብረዋል። ይህ ነጥብ ወደ በኋላ ይመለሳል።

ከዚያ ጉዞው መጣ። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ገባ። ሽማግሌዎቹና ቄሶቹም አብረው ገቡ። እዚህ ግን ያገኙት ሕግ አላወቃቸውም። ጋብቻና ፍቺ በ1953 ሕግ መሠረት ለአይሁዳውያን የረቢዎች ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። የተቀረው የሻሎም ፍርድ ቤትና የመሰሎቹ ነው። ሽማግሌው እንደ ድሮው ይጠራል፣ ይመጣል፣ ያስታርቃል፤ ግን የሰማውን ነገር ፍርድ ቤት ተናገር ቢለው ምን ይላል? በ1971 ወጥቶ በሥራ ላይ ያለው የማስረጃ ድንጋጌ ለሙያ ምስጢር በር ይከፍታል፦ ለጠበቃ፣ ለሐኪም፣ ለሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በአንቀጽ 51 ደግሞ በኑዛዜ ለተነገረው የሃይማኖት አባት። ሽማግሌ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እንኳን በሕግ፣ በዕብራይስጥም ቃሉን በቀላሉ አታገኙለትም።

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ የሚያስደንቅ መገጣጠም አለው። ዘመቻ ሰለሞን ከተካሄደ ልክ በዓመቱ፣ በ1992፣ ክኔሴት የፍርድ ቤቶችን ሕግ አሻሽሎ አንቀጽ 79 ጊሜልን ጨመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የእስራኤል ፍርድ ቤት በተከራካሪዎች ፈቃድ ጉዳዩን አቁሞ ወደ አስታራቂ እንዲልክ የሚያስችል ግልጽ ሕግ ሆነ። መጀመሪያ የተሰጠው ስም «ፒሹር» ነበር፤ ኋላ «ጊሹር» ተባለ፣ ከጌሼር፣ ከድልድይ። በ1993 ዝርዝር ደንቡ ወጣ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ያሰቡት በፍርድ ቤት የተቆለለውን መዝገብ እንጂ በመጠለያ ካራቫን ውስጥ ቡና እየጠጡ ሰው የሚያስታርቁትን ሽማግሌዎች አይደለም። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ዓመት ልዩነት በአንድ አገር ተገናኙ፤ ማንም ግን አላስተዋወቃቸውም።

ሕጉ ስለ ምስጢር ምን አለ? ዋናው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው። በጊሹር ሂደት የተነገረ ነገር በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ደንቡ ይህን ያሰፋዋል። አስታራቂው የሰማውን ለሌላ አይገልጽም፣ ለሌላ ዓላማም አይጠቀምበትም። በተናጠል የነገርከውን ያለ ፈቃድህ ለባላጋራህ አያስተላልፍም (ያቺ «ዞር በል» መጣች!)። ተከራካሪዎቹ በሚፈርሙት የጊሹር ስምምነት ላይ አስታራቂውን ለምስክርነት እንደማይጠሩ ቃል ይገባሉ። ካልተስማሙም አስታራቂው ለዳኛው የሚያሳውቀው ሂደቱ ማለቁን ነው፤ ማን ግትር እንደነበረ፣ ማን ስንት እንዳቀረበ አይጽፍም።

የዚህ ሥር ግን ከ1992 ይርቃል። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎች ለመታረቅ ሲደራደሩ ያሉት ነገር እንደ እምነት ቃል አይቆጠርም የሚል የቆየ ልማድ ነበር። እንግሊዞች ይህን አገር ሲገዙ በ1922 ባወጡት ድንጋጌ የእንግሊዝ ሕግ ክፍተት መሙያ እንዲሆን አደረጉ። አፉላ የተቆረቆረችው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1925 ነው። ስለዚህ ከተማዋ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ «ለመታረቅ ያልከው አይያዝብህም» በሚል ሐሳብ ጥላ ሥር ነበረች ማለት ይቻላል፤ የከተማዋ ቆርቋሪዎች ይህን አስበውበት ነበር ባልልም።

አሁን ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው እንመለስና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየው ምናባዊ ነው፣ ነገሩ ግን በየፋብሪካው የሚደርስ ነው። በሰው ኃይል ኩባንያ፣ በኮአሕ አዳም፣ የተቀጠረ አባወራ በሌሊት ፈረቃ እጁን ማሽን ይይዘዋል። ካሳ ይጠይቃል፣ ጉዳዩ ወደ ጊሹር ይሄዳል። በተናጠል ሲጠየቅ «ጓንቱን አውልቄው ነበር፣ ስለሞቀኝ» ይላል። በሌላው ክፍል ሥራ አስኪያጁ «የማሽኑ መከለያ ከሳምንት በፊት ተሰብሮ ነበር፣ አልጠገንነውም» ይላል። እርቁ ካልተሳካ ሁለቱም ቃሎች እዚያው ይቀራሉ። በካሳው ክስ ዳኛው «ጓንት አውልቆ ነበር» የሚለውን ከጊሹር ክፍል አይሰማም፤ የመከለያውንም ኑዛዜ አይሰማም።

ግን መከለያው ራሱ ተሰብሮ አለ። በአደጋው ዕለት የተጻፈው ሪፖርት አለ። ፎቶው አለ፣ አጠገቡ የነበረው ሠራተኛ አለ። እነዚህ ከጊሹሩ በፊት የነበሩ ማስረጃዎች ናቸው፤ ጊሹር ክፍል ውስጥ ስለተነሱ ብቻ አይሞቱም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ «እዚያ ካወራሁት አበቃ፣ ተቀበረ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በፍርሃት አፉን ለጉሞ ይቀመጥና እርቁ ራሱ ይከሽፋል። ሕጉ የሚጠብቀው በዚያ ክፍል የወጣውን ቃል እንጂ በፋብሪካው ውስጥ የሆነውን ነገር አይደለም።

ሌላም ወሰን አለ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። የወንጀል ምርመራ ከተከፈተ ነገሩ ሌላ ነው። ከዚህም በላይ በ1989 ወደ ወንጀል ሕጉ የገባው አንቀጽ 368 ዳሌት አለ፦ በሕፃን ወይም ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ ኃላፊው የሆነ ሰው ግፍ እንደፈጸመ ለማመን ምክንያት ያለው ማንም ሰው ለፖሊስ ወይም ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ማሳወቅ አለበት። «ማንም» ሲል ሽማግሌውም ቄሱም አሉበት። በ1991 የወጣው የቤተሰብ ውስጥ ጥቃት መከላከያ ሕግም ለተጎጂው የጥበቃ ትዕዛዝ ይሰጣል። ከላይ የጠቀስኳት ወደ ወላጆቿ የሸሸችው ልጅ ዛፍ ሥር ያጣችው ነገር ይኼ ነው። ምስጢሩ የሚሰበርበትን ቦታ ሕጉ አስቀድሞ ተናግሯል፤ በመንደሩ ግን የሚሰበርበትን ቦታ የሚወስነው ሽማግሌው ብቻ ነበር። በዚህ ነገር እኔ ያለ ማቅማማት ከአዲሱ ሕግ ጋር ነኝ።

የቤተሰብ ክርክርን በተመለከተ በ2014 የወጣና ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ አለ። ፍቺ የሚፈልግ ሰው ክስ ከመክፈቱ በፊት ክርክሩን በስምምነት ለመፍታት ማመልከቻ ያቀርባል፤ ጥንዶቹም በፍርድ ቤቱ የእርዳታ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ጊዜ ይገናኛሉ። እዚያ የተባለው ምስጢር ነው፣ ለማስረጃም አይውልም። አስቸኳይ ነገር ያለባት ሴት ግን እስኪያልቅ መጠበቅ የለባትም፤ የጥበቃ ትዕዛዝ በቀጥታ መጠየቅ ትችላለች። ይህን ለእናቶቻችን በአማርኛ በትክክል የሚያስረዳ ሰው ቢበዛ ጥሩ ነበር።

ትተን የመጣነው አገርስ? ኢትዮጵያ በ1960 ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ ስለ እርቅ ከአንቀጽ 3318 ጀምሮ ጥቂት ድንጋጌዎች ነበሩ። ተከራካሪዎች ለአስታራቂው መረጃ ይስጡት፣ ሥራውን አያክብዱበት፣ በጽሑፍ ካላጸደቁት በቀር ሐሳቡ አያስገድዳቸውም ይላል። የተነገረው ቃል ከእርቁ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ዝም ነው ያለው። ምናልባት ሽማግሌ ምስጢር መጠበቁ በሕግ መጻፍ የሚያስፈልገው ነገር መስሎ አልታያቸው ይሆናል። 61 ዓመት አልፎ በ2021 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013) የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 የእርቅን ምስጢራዊነት በሕግ አሰፈረ። በዚያው ዓመት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 «አስማሚነት» የሚል ስም ሰጥቶ ፍርድ ቤት መር እርቅን አስገባ። ሁለቱም አገሮች ወደዚህ የመጡት ዓለም ወደዚያ እየሄደ በነበረበት ዘመን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1980 የእርቅ ደንብ፣ በ2002 ደግሞ አገሮች እንዲገለብጡት ሞዴል ሕግ አውጥቶ ነበር፣ ምስጢርም በሁለቱም ውስጥ አለ።

የሚቀረን አንድ ሰው ነው፣ እሱም ከሁሉ የሚያሳስበኝ። በዚያ የጊሹር ክፍል ውስጥ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ጠበቆችና አስታራቂ አሉ። አባቱ ዕብራይስጥ ስለማይችል አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ወጣትም አለ። ያ ወጣት እኛ ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ በሐኪም ቤት፣ በቢቱዋህ ለኡሚ፣ በባንክ ስንተረጉም ያደግን። የአባትህን ዕዳ፣ የአክስትህን የትዳር ችግር፣ የጎረቤትህን ሕመም በአንተ አፍ አልፎ ሰምተኸዋል። የጓንቱንም ነገር ከአባትየው ቀጥሎ የሰማህ አንተ ነህ። አፉላ ደግሞ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ሥራ አስኪያጁ ያለው ነገር በማግስቱ በኢንዱስትሪ ቀጠናው የእረፍት ሰዓት ላይ ሊወራ ይችላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ተርጓሚ የሚባለው ሰው በመንደሩ ሽምግልና አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ይነጋገር ነበርና። እሱን የስደቱ ታሪክ የወለደው ነው፤ ስለዚህም የድሮው ልማድ ስለ እሱ የሚለው የለም። የሽማግሌው ስም ሽማግሌውን ይይዘዋል፣ የሃያ ዓመት ልጅን ግን አይዘውም። አስታራቂው በደንቡ ይታሰራል፣ ተከራካሪዎቹ በፊርማቸው ይታሰራሉ። ተርጓሚው ፈርሟል? አብዛኛውን ጊዜ «የቤተሰብ ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው እኮ ችግሩ፤ በበዓል ቀን የሚጠየቀው፣ አጎቱ «እስቲ ምን አለ ሰውየው?» የሚለው እሱን ነው።

ሌላው ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው ናቸው። ዛሬም በአፉላ ሳሎን ቤቶች ውስጥ ሁለት ሰዎችን ቡና ላይ የሚያስታርቁ አሉ፤ ጥሩም ያደርጋሉ። ከመጀመራቸው በፊት ግን አንድ ገጽ ወረቀት ቢያስፈርሙ አይከብድም። ይህ ጊሹር መሆኑን፣ አስታራቂው ማን እንደሆነ፣ እዚህ የተባለው ፍርድ ቤት እንደማይቀርብና ሽማግሌው ለምስክርነት እንደማይጠራ የሚጽፍ። ከነገር በኋላ «እኛ እኮ ዝም ብለን ነው የተወያየነው» የሚል ጠበቃ ሲመጣ ወረቀቱ ይናገራል። አንዳንድ አባቶች «ፊርማ ማለት አለመተማመን ነው» ብለው ይቆጣሉ። መልሴ አጭር ነው፦ ድሮም ዋስ ትጠሩ ነበር፣ ዋስ መጥራትስ መተማመን ነበር?

ወረቀቱ በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ቢጻፍ ይመረጣል። ማኅበራችን አዘጋጅቶ በጠበቃ ካሳየው ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሊሰጥ ይችላል። የሽማግሌው መስመር ከላይ፣ የሁለቱ ተከራካሪዎች ከሥር፣ ከነሱ ቀጥሎ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «እኔ ተርጓሚው፣ ዛሬ በዚህ ቤት በእኔ አፍ ያለፈውን ቃል ከሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ውጭ ለማንም፣ ለቤተሰቤም ቢሆን፣ አልናገርም።» ከሥሩ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ።